አለች የተባልኩበት ቅዳሜ

እኔ ፈሪ ነኝ። ለመሽኮርመም ብዬ አይደለም፤ እናቴም፣ ጎረቤቶቼም፣ አብረውኝ የሚሠሩትም ያውቁታል። ሊፍት እፈራለሁ፤ ውሻ እፈራለሁ፤ ታክሲ ውስጥ መልስ መጠየቅ እንኳ እፈራለሁ። እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ ያልፈራሁት ነገር ቢኖር የጓደኞቼን ደግነት ነበር።

የምሠራው ብስኩት ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ማሸጊያ ክፍል። ፋብሪካው ከፒያሳ ወደ ቸርችል ጎዳና በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ያለ፣ በጣሊያን ጊዜ ተሠራ የሚባል፣ ግድግዳው ወፍራም የድንጋይ ቤት ነው። ምድጃውና ማሽኖቹ ላይ ናቸው፤ ምድር ቤቱ የዱቄትና የስኳር መጋዘን ነው። ቦታው ተዳፋት ስለሆነ የመጋዘኑ አንዲት ትንሽ ባለፍርግርግ መስኮት ከኋላ ካለው የእግረኛ መንገድ ጋር እኩል ትወጣለች። በዚያ በኩል ታክሲ ተራ አለ። ከመጋዘን ሆኖ ወደ ላይ ለሚያይ ሰው የሚታየው የተሰላፊ ጫማ ብቻ ነው።

የፋብሪካችን በሽታ መቅረት ነበር። ለቅሶ አለብኝ ብሎ የሚቀር አለ፤ ጸበል ልጠመቅ ብሎ የሚቀር አለ፤ ልጄን አተኮሰው የምትል አለች። ቤታቸው ለልማት ፈርሶ ከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም የገቡት ደግሞ ታክሲ ሲያጡ ሰልፍ ላይ ረፍዶባቸው ከመንገድ ይመለሳሉ። አስተዳደሩ ተቆጣ፣ መከረ፣ ለጠፈ፤ አልሆነም። በመጨረሻ የአሻራ ማሽን መጣ። ማሽኑ ግን የሚያውቀው ጠዋት የገባውን ነው፤ ረፋድ ላይ የሾለከውን አያውቅም። እኛም አሻራችንን ሰጥተን መሹለክ ለመድን።

ይህን ሲያዩ ሌላ ሕግ አወጡ። ከአንድ ጠረጴዛ አንዷ ከጠፋች የቀሩት የእሷን ድርሻ አሽገው ሳይጨርሱ አይወጡም ተባለ። እርስ በርስ እንድንካሰስ ብለው ነው። እኛ ግን የባሰ ተያያዝን። የፈረቃ ኃላፊው መጥቶ «እሷስ የት አለች?» ሲል ከጠረጴዛው ዙሪያ ያለነው ሁላችን ባንድ አፍ «አለች!» እንላለን። «የታለች?» ካለ «ሽንት ቤት ገብታ ነው» እንለዋለን። የሷን ድርሻ ተሻምተን እናሽግላታለን። በሩ ላይ የሚጠብቁት ሽማግሌ ዘበኛችንም ከኛ ጋር ናቸው፤ ስንወጣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ፣ ስንመለስ ደግሞ «ቶሎ በሉ» ይሉናል።

አንድ ጊዜ አስተዳደሩ አታለለን። አንዲት ሴት በር ላይ መጥታ «እህቷ ነኝ፣ አጣዳፊ ጉዳይ ነው፣ ጥሩልኝ» ስትል አንዷ የዋህ «ውይ፣ ወጥታለች እኮ» ብላ ተናገረች። ሴትየዋ የአለቃው ዘመድ ነበረች። የወጣችው ልጅ ከሥራ ተባረረች። ከዚያ ወዲህ ተማማልን፤ ማንም ይምጣ ማን፣ ምንም ይበል ምን፣ መልሳችን «አለች» ነው። ጋሼ ዘበኛውም ማሉ።

የዚያን ቅዳሜ እናቴ ረፋዱ ላይ የክሊኒክ ቀጠሮ ነበራት። ደም ግፊት አለባት፤ ከኔ በቀር ሰው የላትም፤ እኔም ከሷ በቀር የለኝም። ጠዋት እያሸግን ሳለ አጠገቤ ለምትቆመው ጓደኛዬ «ሾልኬ ባደርሳት ደስ ይለኝ ነበር» አልኳት። ጓደኛዬ ነገር አይከብዳትም፤ «ሂጂ በቃ፣ እኔ አለሁ» አለችኝ። ልቤ ከጅሎ ነበር። ግን አልኳችሁ እኮ፣ ፈሪ ነኝ፤ የተባረረችው ልጅ ፊት ትዝ አለኝና ተውኩት። መተዌን ግን ለጓደኛዬ አልነገርኳትም።

ከዚያ የማሸጊያ ፕላስቲክ ጥቅል አለቀብንና ላመጣ ወደ መጋዘን ወረድኩ። የመጋዘኑ ኃላፊ በር ላይ ቆሞ ስልክ እያወራ ነበር፤ በእጁ ግቢ አለኝና ገባሁ። ጥቅሉ ያለው በስተመጨረሻ፣ ከዱቄት ክምር ጀርባ ነው። ከላዬ የዱቄት መንፊያው ማሽን ስለሚጮህ እዚያ ጥግ ሰው ጆሮሽ ሥር ቢጣራም አትሰሚም። ጥቅሎቹ ተደራርበው ስለነበር የምፈልገውን መዝዤ እስካወጣ ቆየሁ። ተሸክሜው ስመለስ መብራቱ ጠፍቷል፤ በሩ ተዘግቷል።

መጀመሪያ አልደነገጥኩም። ኃላፊው ሻይ ሊጠጣ ሄዶ ይሆናል ብዬ በሩን መታሁ። ብረት ነው፤ የራሴ እጅ ታመመ እንጂ ማንም አልመጣም። ስልኬ እንደሁላችንም ስልክ ስንገባ የምናስቀምጥበት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ወለሉ ላይ፣ በየክምሩ ሥር፣ ወረቀት ተነጥፎ አየሁ። ወረቀቱ ላይ አመድ የመሰሉ ክኒኖች ተደርድረዋል።

የተሸከምኩትን ጥቅል ጣልኩት።

መጋዘኑ ነቀዝ ገብቶበት መድኃኒት እንደሚቀመጥበት ሰምተን ነበር። ከሥራ መልስ ነው ብለውን ነበር፤ ባለሙያዎቹ ግን ቀድመው መጥተው፣ እኔ ከክምሩ ጀርባ ጥቅሉን ስመዝ ክኒኑን ደርድረው ወጥተዋል። የነቀዝ መድኃኒት ምን እንደሚያደርግ እኛ አገር የማያውቅ የለም፤ በየሰፈሩ ስሙ ዝቅ ባለ ድምፅ የሚነሳ ነገር ነው። አየር ሲያገኘው ቀስ እያለ ይተናል ይባላል። ቤቱ ታሽጎ ሰኞ ነው የሚከፈተው። ቅዳሜ ደግሞ የምንሠራው ግማሽ ቀን ነው። ሰው ሁሉ ሲወጣ እኔ ከዱቄቱና ከነቀዙ ጋር እዚያው ልቀር ነው።

በኋላ እንደነገሩኝ የመጋዘኑ ኃላፊ ዝም ብሎ አልዘጋም። ከበሩ ቆሞ ተጣርቷል፤ እኔ አልሰማሁትም። ደረጃው ላይ ወጥቶም ወደ ማሸጊያ ክፍል «ቅድም አንዷ ወርዳ ነበር፣ ተመልሳለች?» ብሎ ጠይቋል። ጓደኛዬ ክሊኒክ የሄድኩ መስሏታል። አጠገቡ የፈረቃ ኃላፊውም ቆሟል። «አለች!» አለች። ጠረጴዛው በሙሉ ተከትሏት «አለች!» አለ። እሱም አመስግኖ ቆለፈ።

እኔ ታች ሆኜ ይህን አላውቅም። እየጮህኩ የምሄድበት አጣሁ። መስኮቷ ትዝ ብላኝ ሳያት በፕላስቲክና በሰፊ ፕላስተር ታሽጋለች። የዱቄት ክምር ላይ ወጣሁ፣ ተንሸራተትኩ፣ እንደገና ወጣሁ። ፕላስቲኩን በጥፍሬ ቧጭሬ ቀደድኩትና አፌን ፍርግርጉ ላይ ለጠፍኩ። የፒያሳ አቧራና የመኪና ጭስ እንደዚያ ቀን ጣፍጦኝ አያውቅም። ከኋላዬ ግን የሆነ ሽታ መምጣት ጀምሯል፤ ነጭ ሽንኩርት የመሰለ። ማቅለሽለሹ የመድኃኒቱ ይሁን የፍርሃቴ መለየት አቃተኝ።

«የሰው ያለህ!» እያልኩ ጮህኩ። ጫማዎች ቆም ብለው ይሄዳሉ። አንዲት ሴት «ምስኪን፣ እብድ ናት» ስትል ሰማሁ። አንድ ሰውዬ ጎንበስ ሳይል ሳንቲም ወረወረልኝ። ሳንቲሙ ግንባሬን መታኝና ዱቄቱ ላይ ወደቀ። አለቀስኩ።

በመጨረሻ የታክሲ ተራ አስከባሪው ቁጢጥ ብሎ ፊቱን አሳየኝ። ዕድሜው ገፋ ያለ፣ ድምፁ ከጩኸት ብዛት የሻከረ የአራዳ ልጅ ነው።

«ምንድነው እሱ? ከመሬት በታችም ተራ ተከፈተ እንዴ?»

«ወንድሜ በእግዚአብሔር! ተቆልፎብኛል፤ የነቀዝ መድኃኒት ውስጥ ነኝ!»

«ሙድ እየያዝሽብኝ ነው?»

«እናቴ ትሙት እውነቴን ነው! እዚህ ፋብሪካ ነው የምሠራው። በፊት ለፊት ዙርና ለዘበኛው ማሸጊያ ክፍል የምትሠራዋ ልጅ መጋዘን ተቆልፎባታል በላቸው!» አልኩት፤ ስሜንም ነገርኩት።

ፊቱ ተለወጠ። «አንቺ፣ የምርሽን ነው!» ብሎ ተነስቶ ሮጠ። እኔ ፍርግርጉን ይዤ መቁጠሪያ እንደያዘ ሰው የማውቀውን ጸሎት ሁሉ እየደባለቅኩ ቀረሁ። በቃ፣ አሁን ይከፈታል፣ አሁን እወጣለሁ ብዬ በሩን አየዋለሁ። በሩ አልተከፈተም። ይልቁንም ያው ጫማ ተመልሶ መጣ።

«እህቴ፣» አለኝ እያለከለከ፣ «አለች ነው የሚሉት።»

«ማን?»

«ፋዘሩን ነገርኳቸው። አላመኑኝም፣ ግን ገብተው ጠየቁ። አለች፣ ሽንት ቤት ናት አሏቸው። እሳቸውም ወጥተው ማን ልኮህ ነው፣ ነቄ ነን፣ ሂድልን ብለው በዱላ ሊሉኝ ነበር።»

ሳቅ ይሁን ልቅሶ የማይታወቅ ድምፅ ከአፌ ወጣ። ጓደኞቼን በዓይነ ሕሊናዬ አየኋቸው፤ እጃቸው ብስኩት ላይ፣ ፊታቸው እንደ መልአክ፣ «አለች» ሲሉ። እኔስ ስንቷን እንደዚያ ብዬላት አውቃለሁ? የአለቃ ሰላይ መጣብን ብለው እኔን እየጠበቁኝ ነው። የቱንም ያህል ሰው ብልክ የዚያኑ ያህል ጠንክረው ይሸፍኑኛል። በዚህ ላይ አፌ ውስጥ ብረት ብረት ይለኛል።

«ፖሊስ ልጥራ?» አለኝ ተራ አስከባሪው።

«ጥራ! ሁሉንም ጥራ!» አልኩት። ፖሊስ እስኪመጣ፣ ነገሩን እስኪያስረዱ፣ ቁልፍ እስኪገኝ ሳስበው ግን እንደገና ጨለመብኝ። ቶሎ የሚያንቀሳቅሳቸው ነገር መሆን አለበት። አለቆቻችን ብዙ ተንኮል ያውቃሉ፤ አንድ ነገር ላይ ግን አይቀልዱም። የትኛውም ሰላይ መርዶ ይዞ አይመጣም።

ግን የማንን መርዶ ልበል? የአጎት ሞት ቢሆን «ከሥራ ስትወጣ ይነገራታል» ብለው ይተዉታል። አባቴን ጓደኞቼ ቀብረውልኛል፤ መሞቱን ያውቃሉ። የቀረችኝ አንድ ሰው ናት።

«ስማኝ፣» አልኩት፤ ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ። «ተመለስና... እናቷ ሞታለች፣ መርዶ ይዤ ነው የመጣሁት በላቸው።»

ራሱን ነቀነቀ። «ኧረ ተይ። የሰው እናት ገድዬ መሮጥ አልችልም እኔ። ሟርት ነው።»

«በሕይወት አለች፤ አሁን ክሊኒክ ናት። በላቸው ብቻ!»

«ሌላ ነገር ፈልጊ እህቴ። እኔም እናት አለችኝ።»

«እኔ ልሞት ነው!» ብዬ ጮህኩበት። በሕይወቴ ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር። አማተበ፤ «እግዜር ይቅር ይበለን» አለና ሄደ።

ያን ጊዜ ያለቀስኩት ለራሴ አልነበረም። ከታች ያለው መድኃኒት አንድ ፍርሃት ነው፤ ከአፌ የወጣው ደግሞ ሌላ። እናቴ በዚያች ደቂቃ ብቻዋን መንገድ ትሻገር ይሆናል፤ ደረጃ ትወጣ ይሆናል፤ ክንዷን የሚይዝላት የለም። ቃሉን መልሼ ልውጠው ብል ሰውዬው ርቋል። «አላልኩም፣ አላልኩም» እያልኩ ፍርግርጉን በግንባሬ መታሁ።

ድንገት የዱቄት መንፊያው ማሽን ቆመ። ቀጥሎ ማቡኪያው ቆመ። ያ ቤት በሥራ ሰዓት ጸጥ ብሎ ሰምቼው አላውቅም።

ላይ የሆነውን በኋላ ነው የነገሩኝ። ጋሼ ዘበኛው ሰውዬውን ሲያዩት እንደገና ዱላቸውን አንስተው ነበር። መርዶ የሚል ቃል ሲሰሙ ግን ኮፍያቸውን አወለቁ። «ለካ ለዚህ ነው ቅድም ምክንያት ፈልገህ የዞርከው» አሉት። መርዶ የያዘ ሰው ዞሮ ዞሮ፣ ሰበብ ፈጥሮ እንጂ ቀጥ ብሎ አይናገርምና የቅድሙ የመጋዘን ወሬ ሁሉ ለሳቸው ሰበብ ሆነ። ገብተው ለፈረቃ ኃላፊው በጆሮው ነገሩት። እሱም ማሽን አስቆመ። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ተሰበሰቡ፤ መጀመሪያ የተባባሉትም የወግ ነው፤ አሁን እንዳትሰማ፣ ቤቷ ወስደን ነው የምንነግራት።

«ከማን ጋር ናት? ብቻዋን አትተዉአት፤ ስልክ እንዳታነሳ» አለ የፈረቃ ኃላፊው።

ጓደኛዬ አንዷን አየች፤ አንዷ ሌላዋን አየች። አሁን «አለች» የሚል ጠፋ። «እናቷን ክሊኒክ ልታደርስ ወጥታለች» አለች ጓደኛዬ በመጨረሻ። ጋሼ ዘበኛው ግን «በኔ በር ዛሬ አልወጣችም» አሉ። ቅድም ያ ሰውዬ ያላቸው ያኔ ገባቸው። የጓደኛዬን ጩኸት ከታች ሆኜ ሰማሁት፤ ወለሉን በስቶ ነው የመጣው።

ከዚያ የሩጫ ድምፅ፣ የቁልፍ ድምፅ፣ ብርሃን። ክምሩ ላይ ወጥቶ ያወረደኝ የፈረቃ ኃላፊው ነው። ግቢ አውጥተው መሬት ላይ አስቀመጡኝና ወተት በላይ በላዩ አጠጡኝ፤ አስመለሰኝ፤ እንደገና አጠጡኝ። አየሩ ቀዝቃዛ ነበር። ተርፌያለሁ። መኪና እስኪመጣ ከበውኝ ቆሙ፤ ሁሉም ያለቅሳሉ።

በእኔ መትረፍ ደስ ብሏቸው ነው ብዬ ነበር። ቀና ስል ግን ማንም ዓይኔን አያይም። ከመጣ ጀምሮ ክፉ እንጂ ደግ ቃል ያልወጣው የፈረቃ ኃላፊ አጠገቤ ተንበርክኮ «አይዞሽ እህቴ፣ የእግዚአብሔር ሥራ ነው» አለኝ።

«እናቴ ደህና ናት!» አልኩ። «እኔ ነኝ ንገር ያልኩት፤ እንድትፈልጉኝ ብዬ ነው!»

«እሺ፣ እሺ የኔ እናት» አለችኝ ጓደኛዬ ጀርባዬን እያሻሸች። ማንም አላመነኝም። ሐዘንተኛ ሞተች ሲሏት አልሞተችም ማለቷ ያለ ነው። ሰውዬው ደግሞ ወደ ታክሲ ሰልፉ ተመልሷል። ዙሪያዬን የቆሙት ሴቶች አተያይ የለቅሶ ቤት አተያይ ነበር፤ እያየኋቸው የራሴን ውሸት መጠራጠር ጀመርኩ።

«ስልኬን ስጡኝ።»

አንዷ ልትከለክለኝ ሞከረች፤ መነጨቅኳት። ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ ዘጋ። እንደገና ደወልኩ። አይነሳም። መጋዘን ውስጥ ፍርሃቴ ይጮህ ነበር፤ አሁን ድምፅ አልነበረውም። ስልኩን ጨብጬ ተነሳሁ።

መኪናው ሆስፒታል ሊወስደኝ ነበር የመጣው፤ እኔ መጀመሪያ ከጊዮርጊስ በታች ካለው ክሊኒክ ካላደረሳችሁኝ አልገባም አልኩ። ጓደኛዬ እጄን ይዛ አብራኝ ሄደች፤ መንገዱን ሙሉ ጣቶቼን ትጨምቃለች። ክሊኒኩ በር ላይ መኪናው ሳይቆም ወረድኩ።

እናቴ መተላለፊያው ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ጫፍ ተቀምጣ ነበር። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ። ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ እየጮኸ አልሰማችውም፤ ጆሮዋ ደከም ብሏል። ዱቄት የለበሰች ልጇን ስታይ መጀመሪያ ተቆጣች።

«ከሥራ ጠፍተሽ መጣሽ?»

እግሯ ሥር ወደቅኩ። ጭኗ ላይ ተደፍቼ እየተንሰቀሰቅኩ ሁሉንም ነገርኳት፤ መድኃኒቱን፣ መስኮቱን፣ ሰውዬውን። «ገደልኩሽ እኮ እማዬ፣ በአፌ ገደልኩሽ» አልኳት። ጓደኛዬ ከኋላዬ ግድግዳውን ተደግፋ ታለቅሳለች።

እናቴ ዱቄቱን ከፀጉሬ ላይ በመዳፏ ታራግፍ ጀመር።

«አበጀሽ» አለችኝ። «ወደፊትም እንዲህ ያለ ቀን ቢመጣብሽ፣ ሌላ ሰው እንዳታስቢ። እኔን በያቸው።»

ከዚያ መጋዘን በሕይወት ወጥቻለሁ፤ ሐኪሞቹም አይተው ደህና ነሽ ብለውኛል። ፍርሃቱ የያዘኝ ግን እዚያ፣ ክሊኒኩ ውስጥ፣ የእጇን ክብደት ራሴ ላይ ስሰማ ነው። አንድ ቀን አንድ ሰው ያንኑ ወሬ ይዞ ይመጣል፤ ያን ቀን የላክሁት እኔ አልሆንም።